እንዳይሰረቅ ስለ ተበየደው የሞተር ሳይክል መከላከያ

ግንቦት 12 ቀን 2003 ዓ.ም.
ጎንደር

ለደጋ ቀበሌዎች የእንስሳት ጤና ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በልጄ እግርና በጽሕፈት ቤትዎ ብረት መካከል ሊኖር ስለሚገባው ርቀት

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የጸና፣ ሁለቱም እግሮችዎ እንደ ተፈጠሩ ቀጥ ብለው የሚሸከሙዎ ይሆኑ ዘንድ ከሁሉ አስቀድሜ በታላቅ ትሕትና እመኛለሁ፤ ለባለቤትዎና ለልጆችዎም እንዲሁ። ከሌላው አካል ሁሉ እግርን ለይቼ መጥቀሴ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እሠጋለሁ፤ ነገር ግን ደብዳቤው እየገፋ ሲሄድ ምክንያቱን ይረዱልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔን የጠየቁኝ እንደ ሆነ፣ ምስጋና ለአላህ ይሁንና፣ ከዕድሜ በቀር ሕመም የለብኝም፤ እንቅልፍ ግን ካጣሁ ሰንብቻለሁ።

ስሜ ዐብዱረሕማን ናስር ይባላል። በዚህች ከተማ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ በጡረታ የተገለልሁ ሰው ነኝ። ምናልባት ከጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች መካከል ተማሪዎቼ የነበሩ ይኖራሉ፤ የሚለጥፏቸውን ማስታወቂያዎች ሳነብ ግን እንዳይሆኑ እጸልያለሁ። የዛሬው ደብዳቤዬ የመምህር ሳይሆን የአባት ነው። ልጄ ያስሚን በሚመሩት ጽሕፈት ቤት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። የክትባቱን ሣጥን ከኋላዋ አስራ በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ሳይክል ከጎንደር ትነሣለች፤ አምባ ጊዮርጊስን ታልፋለች፤ ከዳባት ወዲያ ከዋናው መንገድ ተገንጥላ መኪና ወደማይደፍራቸው የደጋ ቀበሌዎች ትወጣለች። የፊታችን ሰኞም ትወጣለች። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ያ ሰኞ ነው።

በግልጽ መጻፌን እንደ ጠብ እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። አስቀድሜ በዝግ ጽፌ ነበር። ፖስታው ሳይከፈት፣ "ጉዳዩ ሠራተኛዋን እንጂ አባቷን አይመለከትም" ከሚል ቃል ጋር ተመለሰልኝ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ሳይከፍት ጉዳዩን ማወቁ አስደንቆኛል። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ፒያሳ በሚገኘው በወንድሜ ልጅ በኡዘይር ሱቅ መስተዋት ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ሊመልሰው የሚችል መዝገብ ቤት የለም።

በሱቁ ደጃፍ የሚያልፈው ሰው ነገሩን ከሥሩ እንዲረዳ ጥቂት ማብራሪያ ይፈቀድልኝ። የሞተር ሳይክል መከላከያ ማለት ከሞተሩ ግራና ቀኝ እንደ ቀለበት ወጣ ብሎ የሚታሰር ብረት ነው። የተፈጠረበት ሥራ፣ ሞተር ሳይክሉ በጎኑ ሲወድቅ ከነጂው እግር ቀድሞ መሬት መንካትና ለእግሩ ክፍተት መተው ነው። ባለፈው ዓመት ክረምት የያስሚን የሥራ ባልደረባ ታከለ ከክትባት ሲመለስ ቁልቁለት ላይ ጭቃ አንሸራተተውና ወደቀ። ሞተር ሳይክሉ መከላከያ አልነበረውም፤ መከላከያው ታከለ ራሱ ሆነ። ግራ እግሩ በጋለው ሞተርና በድንጋይ መካከል እንደ ተያዘ፣ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች እስኪደርሱለት ድረስ በዝናብ ውስጥ ተኝቶ ቆየ። ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳል። ጽሕፈት ቤትዎ ከመስክ ሥራ አንሥቶ መዝገብ ቤት ስላስቀመጠው ከልብ አመሰግናለሁ። ከላይ የጠቀስሁትን ደብዳቤ የመለሰልኝም እርሱ ነው፤ "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ታዝዤ ነው" ብሎ ለአክብሮት ከወንበሩ ሊነሣልኝ ሲታገል ትከሻውን ይዤ መልሼ አስቀመጥሁት።

ያስሚን ታከለን ሆስፒታል ጠይቃ ከተመለሰችበት ቀን ጀምሮ መከላከያ ስታፈላልግ ሰነበተች። ጽሕፈት ቤቱን ብትጠይቅ ዕቅዱ ውስጥ የለም ስለ ተባለች በራሷ ልትገዛ ቆረጠች። የመለዋወጫ ነጋዴ ሴት ደንበኛ ስትመጣለት ከመደርደሪያው የትኛውን ዕቃ እንደሚያወርድ ስለማውቅ አብሬያት ወጣሁ፤ ዳሩ ግን ጠባቂ ያስፈለገው ለነጋዴው ኖሯል። ሰውዬው እንደ መስተዋት የሚያበራ ብረት አውጥቶ፣ "እቴ፣ ይቺ ታምርብሻለች" ቢላት፣ "እኔ የምገዛው ለመውደቅ ነው፤ ለሠርግ አይደለም" ብላ መለሰችለት። የሚያበራው ብረት የሚታሰረው በሞተሩ አካል ላይ ስለ ነበረ፣ በተመታ ጊዜ ሞተሩን ይሰብራል እንጂ አያድንም አለችኝ። እርሷ የመረጠችው ለዚያው ዓይነት ሞተር ሳይክል ተለክቶ የተሠራ፣ ከሻንሲው ማለትም ከአጽሙ ጋር በብሎን የሚያያዝ፣ ከመሪው ጫፍ የማያልፍ፣ ከእግር ግን የሚያልፍ፣ ድንጋይ ሲመታው ራሱ ተጣምሞ ሌላውን የሚያተርፍ ብረት ነበር። ቀለሙ ደብዛዛ ጥቁር ነው፤ ለሠርግ እንደማይሆን እኔም መስክሬያለሁ።

በግቢያችን ስትገጥመው መፍቻ አቀባይዋ ነበርሁ። ብሎኖቹን ሁሉ አስቀድማ በጣቷ ብቻ አስያዘች፤ አንዱን አጥብቆ ሌላውን ቀዳዳ መፈለግ ብረቱን ያለ ቦታው ያጣምመዋልና። ከዚያ በኋላ ተራ በተራ አጠበቀቻቸው። መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው አዞረች፤ ማርሹን ቀያየረች፤ የኋላ ፍሬኑን ረገጠች፤ ብረቱ እግሯንም ጎማውንም የሚነካበት ቦታ አልተገኘም። ኮረኮንች ብሎን ያላላል ብላም ከመጀመሪያው ጉዞ ስትመለስ ሁሉንም እንደ ገና አጠበቀች። በመጨረሻ ጆንያ መሬት ላይ አነጠፍንና፣ ስትወድቅ እግሯ ሊያርፍበት በሚችለው ቦታ የእናቷን የሐዲጃን ማሰሮ አጋድመን፣ ሞተር ሳይክሉን በሁለት ወገን ይዘን ቀስ አድርገን በጎኑ አስተኛነው። ሐዲጃ በሩ ላይ ቆማ፣ "እግርሽስ የራስሽ ነው፤ ማሰሮው ግን የኔ ነው፤ ከወለቃ አቅፌ ያመጣሁት!" እያለች ታላግጥ ነበር። ብረቱ መሬቱን ያዘ፤ ማሰሮው ሳይነካ ቀረ። በዚያ ቀን ቤታችን ውስጥ የተሣቀውን ያህል ከዚያ ወዲህ አልሣቅንም።

ክቡር ሆይ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ስለ ልጄ ደኅንነት ማሰብ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ያሰበላትን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ለንብረት ቆጠራ የመጡት የንብረት ክፍል ኃላፊዎ አቶ ዳኛው መከላከያውን አይተው በመዝገባቸው ቢፈልጉት አጡት። በመዝገብ የሌለ ነገር በዐይን ቢታይም እንደሌለ ይቆጠራል ብዬ አምን ነበር፤ እርሳቸው ግን መኖሩን ተቀብለው መኖሩን ጥፋት አደረጉት። "የግል ንብረት ከመንግሥት ንብረት ጋር ተዳቅሏል" አሉ፤ አንድ የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት ስለ መዳቀል የሚሰጠውን ብያኔ የምቃወምበት ዕውቀት የለኝም። በሰሌዳ የተለጠፈው ማስታወቂያም "በሞተር ሳይክሉ ላይ ያለ አግባብ የተገጠመውን ብረት በአስቸኳይ ስለ ማንሣት" ይልና እዚያው ላይ ያበቃል። ማሰሪያ አንቀጽ የሌለው ዐረፍተ ነገር ትእዛዝ ይሁን ምኞት ሊለይ አይችልም ብዬ ለያስሚን ብነግራት፣ "አባዬ፣ ብረቱ ግን ትናንት ተፈቷል" አለችኝ። ንብረታችንን ብሎን ሳይጎድል በጆንያ ጠቅልላችሁ ስለ መለሳችሁልን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሁለተኛ፦ ታከለ በምርኩዝ በኮሪደሩ ባለፈ ቁጥር ነገሩ ስለሚታወስ፣ ሞተር ሳይክሉን ባዶውን መተው ደግ አይደለም ተባለና የመከላከያ መራጭ ኮሚቴ ተቋቋመ። በኮሚቴው ውስጥ ሞተር ሳይክል የሚነዳ አንድም ሰው አለመኖሩ ገለልተኛነቱን ከማንም ጥርጣሬ አድኖታል። ያስሚን ገብታ ልታስረዳ ብትጠይቅ "ጥቅምሽ ያለበት ጉዳይ ነው" ተብላ ከበር ተመለሰች። እውነት ነው፤ እግሯ ያለበት ጉዳይ ነው። ኮሚቴው ገበያ ሳይወጣ፣ ለግቢው አዲስ በር ከተገዛው የተረፈ ቱቦላሬ መጋዘን ውስጥ አገኘ። ብረቱ በዚያው በር ሠሪ እንደ ቀለበት ተቀጥቅጦ መከላከያ ተባለ። የመከላከያው ስፋት የተወሰነው በሰው ባት ሳይሆን በተረፈውና ለሞተር ሳይክሎቹ ሁሉ በተከፋፈለው ብረት ርዝመት ስለ ነበረ፣ ለግራው ወገን ትንሽ፣ ለቀኙ ደግሞ ከትንሽም ያነሰ ደረሰው። ቀለሙም እንደ በሩ አረንጓዴ ነው፤ ልጄ ከግቢው ስትወጣ ለሚያያት ሰው የበሩ ቁራሽ አምልጦ የሚሄድ ይመስላል። ሀብት አለማባከናችሁን ግን ማንም ሊክድ አይችልም።

ሦስተኛ፦ ብረቱ በብሎን ይታሰር ወይስ በሌላ መንገድ የሚለው ጥያቄ የቀረበ ጊዜ አቶ ዳኛው፣ "ብሎን የሚፈታ ሌባ ከተማውን ሞልቶታል፤ ጠዋት ብረቱ ጠፋ ሲባል የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ በይዱት!" አሉ። በእርሳቸው ልፈርድ አልችልም፤ ብረቱ በስማቸው ገቢ ሆኗል፤ የያስሚን እግር በማንም ስም ገቢ አልሆነም። በዚህም መሠረት መከላከያው ከሻንሲው ጋር እስከ ወዲያኛው ተበየደ። እንግዲህ ድንጋይ ቢመታው ብሎን እንዳለው ብረት ተጣምሞ ምቱን በራሱ አይጨርሰውም፤ ሳይቀንስ ለአጽሙ ያስረክባል። የሞተሩ ዘይት የሚወርድበት ብሎን ከብየዳው ጀርባ ስለ ዋለ፣ ዘይት ለመቀየር ሞተር ሳይክሉን ሰዎች አጋድመው ይይዙታል። ይህ ሁሉ እንኳ ይታለፍ ነበር። የማይታለፈው የፍሬኑ ነገር ነው። የቀኙ ብረት የኋላ ፍሬን መርገጫውን ስለ ከለለው፣ ያስሚን ፍሬን ለመያዝ በፈለገች ቁጥር ጉልበቷን ወደ ውጭ ከፍታ፣ ጫማዋን አጣምማ፣ መርገጫውን በጫማዋ ጎን መፈለግ አለባት። ከዳባት ወዲያ ያለውን ቁልቁለት ክቡርነትዎ በመኪና እስከሚቻለው ድረስ ያውቁታል፤ ከዚያ በታች ያለውን ላስታውስዎ። መንገዱ የአህያ መንገድ ነው። ጠዋት በጭጋግ ይሸፈናል፤ ገብስ የጫነ አህያ ከጭጋጉ ውስጥ ሲወጣ የሚታየው ከደረሱበት በኋላ ነው፤ በአንድ ወገን ካብ፣ በሌላ ወገን ገደል ነው፤ ግንቦት ገብቶ ዝናቡም ጀምሯል። እንዲህ ባለ ቦታ ፍሬን የሚፈለግ ዕቃ አይደለም፤ እግር በረገጠበት መገኘት ያለበት ነው።

አራተኛ፦ የርክክቡ ዕለት ሞተር ሳይክሉ በመቆሚያው ላይ ቆሞ ሳለ ክቡርነትዎ አረንጓዴውን ብረት በጫማዎ ጫፍ ነካ ነካ አድርገው፣ "ይኼማ ተራራ ይደግፋል!" ብለው ማድነቅዎን፣ ሠራተኞችም ማጨብጨባቸውን ሰምቻለሁ። ተራራዎቻችን ለጊዜው ደጋፊ አልጠየቁም።

አምስተኛ፦ ያስሚን የተበየደውን ሞተር ሳይክል ወደ ግቢያችን ያስገባች ቀን፣ እኔ ምንም ሳልናገር ሐዲጃ ማሰሮዋን ይዛ ወጣች። ጆንያውን አነጠፍን፤ እንደ መጀመሪያው ጊዜ በሁለት ወገን ይዘን በቀኝ ጎኑ ልናስተኛው ጀመርን። ሐዲጃ በዚህ ጊዜ አላላገጠችም። ብረቱ መሬት የነካው ሞተሩ ማሰሮው ላይ ካረፈ በኋላ ነበር፤ ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ያስሚን ፈጥና፣ "እማ፣ ማሰሮ እኮ ነው፤ እገዛልሻለሁ" አለች። እናቷ ተንበርክካ ስባሪውን በቀሚሷ ጫፍ ለቀመች፤ ለቅማ ከጨረሰችም በኋላ ከመሬት ሳትነሣ ቆየች። ወለቃ መንገድ ዳር ማሰሮ ሞልቷልና በማግስቱ ሌላ ገዝተናል።

ስድስተኛ፦ ልጄ ከዚህ በኋላ፣ ብረቱ እስኪቀየር ድረስ ሞተር ሳይክሉን እንደማትነዳ በጽሑፍ አመለከተች። ጽሕፈት ቤትዎ በወትሮው ዝግታ ላለመታማት ሲል በዚያው ዕለት መልስ ሰጥቷታል፤ መልሱ ሥራ በማስተጓጎል የሚል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነበር። ብየዳውን በራሷ ብታስቆርጥ ደግሞ የመንግሥት ንብረት በማውደም እንደምትከሰስ፣ አስባውም ላታውቀው በምትችለው ጥፋት ላይ አስቀድሞ ምክር ተለግሷታል። ሌላ ሞተር ሳይክል ይሰጣት ዘንድ ብትጠይቅም፣ ሁሉም በበሩ ብረት ስለ ተበየዱ ልዩነት የለም ተባለች፤ እኩልነትን በዚህ ፍጥነት ያሰፈነ መሥሪያ ቤት ሰምቼ አላውቅም።

እስከዚህ ድረስ ያለው፣ ክቡር ሆይ፣ የእናንተና የእኛ ጉዳይ ነበር። ማስጠንቀቂያው ብቻ ቢሆን ኖሮ ልጄን እቤት አስቀምጣት ነበር፤ አንዲት ሴት ልጅ የማበላው እንጀራ አላጣም። ነገሩን ከእጄ ያወጣው የትናንት በስቲያው የስልክ ጥሪ ነው። ከላይኞቹ ቀበሌዎች አያ ሰጠኝ የሚባሉ ገበሬ ደወሉ። እኔና ሐዲጃ አጠገቧ ተቀምጠን ሳለ ድምፃቸው ከስልኩ ወጥቶ ቤቱን ሞላው፤ "ያስሚን ልጄ፣ ምነው ጠፋሽብን? ሸጋው በሬዬ ማታ ደኅና ሲግጥ ውሎ ጠዋት ሞቶ አገኘሁት፤ ከአፍንጫው ደም ይወርዳል። የአማቼም ጊደር እንዲሁ ሆነች። ጎረቤቱ 'ሥጋው ሳይበላሽ እንካፈለው' እያለ ቢላ ሲስል ነው የምደውልልሽ" አሉ። ያስሚን ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣ "አያ ሰጠኝ፣ እንዳትነኩት! እንዳትገፍፉት! ቆዳውንም ልጆቹም አይቅረቡት! በጥልቅ ቅበሩት፤ የነካውም ሰው አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ!" ብላ ጮኸች። ነገሩ አባሰንጋ እንደሚመስል፣ አባሰንጋም ከብቱን ብቻ ሳይሆን ሥጋውን የበላውንና ቆዳውን የገፈፈውን ሰው ጭምር እንደሚገድል ለክቡርነትዎ ማስረዳት ለቄስ መስቀል እንደ ማሳየት ይሆንብኛል። አያ ሰጠኝ ሰምተው ሲያበቁ፣ "እሺ ልጄ፣ እንቀብራለን። አንቺ መቼ ትደርሻለሽ?" አሉ። ክትባቱ እሑድ ጎንደር ይደርሳል። ሰኞ አለቻቸው።

ስልኩን ዘግታ ሣጥኗን ልታጥብ ስትነሣ፣ በአባትነቴ አትሄጂም ብዬ ከለከልኋት። የሚሄድ ሌላ ሰው ይፈለግ አልኋት። "ሌላው ታከለ ነበር" አለችኝ። ሰበቡ የጽሕፈት ቤቱ ስለ ሆነ ኃጢአቱም የጽሕፈት ቤቱ ይሁን አልኋት። እርሷም እንደ ልማዷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አባዬ፣ እርስዎ ተማሪ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ እየጠበቀዎ ቀርተው ያውቃሉ?" ብላ ጠየቀችኝ። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ ፈተና አውጥቻለሁ፤ መልሱን እያወቅሁ አፌ የተያዘብኝ ፈተና ግን ይህ ነው። ልጄን ያሳደግኋት ቃሏን እንድትጠብቅ አድርጌ ነው፤ አሁን ቃሏን እንዳትጠብቅ ልለምናት አልችልም። ስለዚህ የምለምነው እርስዎን ነው።

ልመናዬ አጭር ነው። የተበየደው ብረት ከሰኞ በፊት ይቆረጥ ዘንድ ፈቃድዎን ይስጡ፤ በእጃችን ያለውና በብሎን የሚታሰረው መከላከያ ተመልሶ ይገጠም። ያ መከላከያ የግል ንብረት በመሆኑ የሚያስነቅፍ ከሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለመንግሥት ሰጥቻለሁ፤ አቶ ዳኛው በወደዱት ቁጥር መዝግበው ገቢ ያድርጉት። ሌባ የሚያሠጋ ከሆነ፣ ሞተር ሳይክሉ ከተማ በሚያድርበት ሁሉ በእኔ ግቢ ይደር፤ እንቅልፍ ስለሌለኝ ከዘበኛ ይልቅ ነቅቼ እጠብቀዋለሁ። ቆራጩን እኛ እናመጣለን፤ ገጣሚዋ ራሷ ናት፤ መፍቻ አቀባይም አለ። ከክቡርነትዎ የሚፈለገው አንዲት ፊርማ ብቻ ናት። ነገና ከነገ ወዲያ የሥራ ቀን አለመሆናቸውን አውቃለሁ፤ ነገር ግን አያ ሰጠኝ ቀያቸው ላይ የከብት መቃብር ሲቆፍሩ ቅዳሜና እሑድን የሚለዩ አይመስለኝም።

ይህን ረጅም ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ ታግሠው ስላነበቡልኝ፣ ለልጄ ማስጠንቀቂያ በዕለቱ ስለ ሰጡልኝ፣ ብረታችሁ እስከ ዛሬ ድረስ አንድም ቀን በሌባ ባለመደፈሩ ለሁላችን ስላስገኙልን ኩራት፣ ምስጋናዬን የምገልጽበት ቃል አጣለሁ፤ ቃል ማጣትም ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ሹመትዎን ያርዝመው፣ መንገድዎን ሜዳ፣ ሜዳዎንም ደረቅ ያድርግልዎ እያልሁ፣ በሮችዎ ሁሉ ያለ ትርፍ ብረት እንዲሠሩ ከሚመኝ ጎረቤትዎ የላቀ አክብሮት ጋር፣

ዐብዱረሕማን ናስር
በጡረታ ላይ የሚገኝ የአማርኛ ቋንቋ መምህርና የያስሚን አባት

ግልባጭ፦
ለአቶ ዳኛው፣ የንብረት ክፍል ኃላፊ፦ ደብዳቤው የግል ንብረት ስለ ሆነ እንዳይደነግጡ።
ለመከላከያ መራጭ ኮሚቴ አባላት፦ ከተቻለ ሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጠው እንዲያነቡት።
ለታከለ፣ መዝገብ ቤት፦ ተቀምጠህ ተቀበለኝ፤ አትነሣ።

ከደብዳቤው በኋላ የተጨመረ፦ ከጁምዓ መልስ ይህን ፈርሜ ኡዘይር ሊለጥፈው ተቀብሎኝ ሳለ የጽሕፈት ቤትዎ ተላላኪ በራችንን አንኳኳ። ለልመናዬ መልስ መስሎኝ ፈጥኜ ከፈትሁ። ያመጣው በሁለት ቅጂ የተዘጋጀ የዋስትና ቅጽ ነው። ያስሚን ሰኞ ከመውጣቷ በፊት የቅርብ ዘመዷ ለተበየደው መከላከያ ዋስ እንዲሆን፣ በጉዞው ላይ ብረቱ ቢጣመም፣ ቢሰነጠቅ ወይም ቀለሙ ቢፋቅ ኃላፊ እንዲሆን ይጠይቃል። ካልተፈረመ ክትባቱ እንደማይሰጣት በቃል ተነግሮኛል። ከብት ሲያልቅ በእኔ ፊርማ መዘግየት እንዳይሳበብ ስል ወዲያውኑ ፈርሜያለሁ። ከፊርማዬ በታች ደግሞ በገዛ እጄ አንዲት መስመር ጨምሬያለሁ፤ "እኔ ዐብዱረሕማን ናስር ለጽሕፈት ቤቱ ብረት ዋስ ሆኛለሁ፤ እኔ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ለያስሚን ዐብዱረሕማን እግሮች ዋስ ሆኛለሁ" ትላለች፤ ለክቡርነትዎ ስምና ፊርማ የሚበቃ ቦታም ክፍት ትቼልዎታለሁ። ዋናውን ለተላላኪው መልሻለሁ፤ ሌላውን ቅጂ ኡዘይር ከዚህ ደብዳቤ ጎን ይለጥፈዋል። ሱቁ ቅዳሜም እሑድም ክፍት ነው። ያስሚን ሰኞ ማለዳ ወደ ላይ ስትወጣ በዚያ ደጃፍ ታልፋለች፤ ሞተሩን ሳታጠፋ ቆማ ባዶውን ቦታ ታየዋለች።